ቦብካቷን ማን ይንዳት?

እኛ ቤት ማታ ማታ የሚወራው ስለ ማሽን ነው። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሿን ሎደር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ትክክለኛ ስሟ ስኪድ ስቲር ሎደር ነው ይላሉ፤ እኛ ግን የማንም ፋብሪካ ይሥራት ቦብካት ነው የምንላት። ትልቁ ልጃችንም በአባቱ መንገድ ገብቶ ኦፕሬተር ሆነ። እኔ አንድም ቀን ወንበሯ ላይ ሳልቀመጥ፣ ቡና እያፈላሁ የሁለቱን ክርክር ስሰማ ኖሬ፣ ዛሬ ስለ ቦብካት ብትጠይቁኝ አላፍርም።

ዘንድሮ ነገሩ ከወሬ አለፈ። ዕቁብ ደረሰን። ለዓመታት ካጠራቀምነው ጋር ሲደመር አንድ ያገለገለች ማሽን ገዝተን በሰዓት ለማከራየት የሚበቃ ገንዘብ ሆነ። ያለን ይኸው ብቻ ነው፤ ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለንም። የትኛዋን እንግዛ?

ለማያውቋት አንባቢያን ልንገራችሁ። ይህች ማሽን መሪ የላትም፤ ጎማዎቿም እንደ መኪና ወደ ጎን አይታጠፉም። የግራዎቹ ሁለት ጎማዎች ለብቻቸው፣ የቀኞቹም ለብቻቸው ይሽከረከራሉ። አንዱ ወገን ሲፈጥንና ሌላው ሲዘገይ እየተንሸራተተች ትዞራለች። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ባለችበት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ጠባብ ግቢ ውስጥ የምትፈለገው ለዚህ ነው፤ አስፋልት ላይ ጎማ የምትጨርሰውም ለዚሁ ነው።

የባለቤቴ ምርጫ እውነተኛዋ ቦብካት ነበረች። ታሪኳን እንደ ዘመድ ታሪክ ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኬለር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ለሚያረባ ገበሬ አንዲት ባለ ሦስት ጎማ ማሽን ሠሩ። ሥራዋ በዶሮ ቤቱ ምሰሶዎች መካከል እየዞረች ኩሱን መጥረግ ነበር። በኋላ ሜልሮ የሚባል የሰሜን ዳኮታ ፋብሪካ ወስዶ አሳደጋት፤ ባለ አራት ጎማ ሆነች፤ በ1962 ቦብካት የሚለውን የዱር ድመት ስም አወጡላት። “ከዶሮ ቤት ወጥታ ዓለምን የዞረች!” ይላል ባለቤቴ፤ ራሱ የፈለሰፋት ይመስል።

እሱ የለመዳት ዓይነት የምትነዳው በሁለት ዘንግና በሁለት ፔዳል ነው። የግራ እጅ ዘንግ የግራ ጎማዎችን፣ የቀኙ የቀኝ ጎማዎችን ያዛል። ሁለቱን ወደ ፊት ከገፉ ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ ከሳቡ ትመለሳለች። ጭነቱ የእግር ሥራ ነው። የግራ እግር ተረከዝ ሲጫን ክንዷ ይነሳል፣ ጣት ሲጫን ይወርዳል። ቀኝ እግር ባኬቱን በጣት ይደፋል፣ በተረከዝ ይመልሳል።

ልጄ ደግሞ ካተርፒላር አለ። ካተርፒላር ወደዚህች ትንሽ ማሽን ሥራ ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው የገባው፤ ሲገባ ግን ጆይስቲክ ይዞ ነው። የግራው ጆይስቲክ ብቻውን ማሽኗን ይነዳል፤ የቀኙ ክንዱንና ባኬቱን ያዛል። እግር ሥራ የለውም። ልጄ የተማረው በዚህ ነው። “አባዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ እግሬ አይደክመኝም” ሲለው አባቱ “የማይደክም ሥራ ምን ሥራ ነው?” ይለዋል።

አንድ የምናውቀው የሃይድሮሊክ መካኒክ ቤታችን መጥቶ ሁለቱንም ሰማቸውና ሳቀ። “እናንተ የምትጣሉት በማርካ አይደለም፤ በእጅና በእግር ነው” አለ። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ኤች ይሉታል። ኬዝና ኒው ሆላንድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነው። እንደ ዘንጉ ሁሉ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ወገን ጎማ ይነዳል፤ ነገር ግን ዘንጉ ወደ ጎን ሲገፋ ግራው ክንዱን፣ ቀኙ ባኬቱን ያንቀሳቅሳል። ጄሲቢ ደግሞ ክንዱ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ባኬቱን ተራምዶ መግባት የለም፤ በጎን በር ነው። አዳዲሶቹ ላይ፣ ቦብካትም ጆን ዲርም ቢሆኑ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ መጫን አንዱን አነዳድ ወደ ሌላው መቀየር የሚቻልባቸው አሉ። ዋጋቸው ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ኤሌክትሮኒክሳቸው ሲበላሽም የሚነካው ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም።

ከዚያ መካኒኩ ቡናውን አስቀምጦ “ለመሆኑ ማን ነው የሚነዳት?” አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ባለቤቴ እኔ ነኝ ብሎ ያስባል። ልጄም እንደዚያው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የባለቤቴን ጉልበት ቅባት የማሸው እኔ ስለሆንኩ የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ ግን ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የምትሸጥ ማሽን ልናይ ሄድን። ጆይስቲክ ናት። ደላላው “ይሞክሯት አባቴ” ሲለው ባለቤቴ ገብቶ ተቀመጠ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ የወንበሩን መከላከያ ብረት አወረደ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሸዋ ሞልቶ አፈሰና ቀስ ብሎ መጣ። በዚህ መሀል አንድ የግቢው ሠራተኛ ሳያስበው ከፊቱ አቋረጠና ሰዎች ጮኹ።

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ያደረገውን አደረገ፤ ወደ ኋላ ለመሸሽ ሁለቱንም እጆቹን ሳበ። ግራው ማሽኗን ወደ ኋላ ወሰዳት። ቀኙ ግን እዚህች ማሽን ላይ ጎማ አያዝም፤ ክንዱን አነሳው። ባኬቱ እየተንጋለለ ወጣ፤ አሸዋው በጋቢናው ጣሪያ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ልጄ ከኋላ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ ጆይስቲኮቹን ሲለቃቸው ማሽኗ ባለችበት ቀጥ ብላ ተወዛወዘች። ልጄ ግንቡ ላይ ተለጥፎ፣ በእሱና በማሽኗ መካከል የቀረው ክንድ አይሞላም።

ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ማታ ጉልበቱን ሳሸው “እግሬ ወለሉን ሲደበድብ ነበር” አለኝ። “ፔዳል ሲፈልግ።”

“ገና አዲስ ነህ፤ ትለምደዋለህ” አልኩት።

“ባዶ ሜዳ ላይ እለምደው ይሆናል። ሰው ሲጮህ ግን እጄ የሚሄደው ወደ ዱሮው ነው።” ትንሽ ቆይቶ “ዱሮውን እንዳንገዛ ደግሞ ይኸው ጉልበቴ፤ ልጁም በፔዳል ቢደነግጥ እንደኔ ነው የሚሆነው” አለ።

በማግስቱ ልጁን ጠርቶ “የአንተን ዓይነት እንገዛለን። እኔ አልቀመጥባትም” አለው። ልጄ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ በዓይኔ ከለከልኩት። አንድ ሰው ሙያውን በገዛ ፈቃዱ ሲያስረክብ መሀል አይገባበትም።

የገዛናት ከሌላ ሻጭ ነው፤ ማርካዋን ብጽፍ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። የባለቤቴን ደንቦች ግን ልጻፍላችሁ። ሌላ ኦፕሬተር ለመተካት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ስንት ዓመት ነዳህ?” ሳይሆን “በምን ዓይነቱ ነው የለመድከው?” ነው። ለምዶታልም አልለመደም፣ ሰው በሌለበት ባዶ ቦታ፣ በባዶ ባኬት ግማሽ ሰዓት ይሞክራል። ስትሄድ ባኬቷ መሬት አጠገብ ዝቅ ይላል። ክንዷ ተነስቶ ሳለ ማንም አይወርድባትም፣ ማንም በሥሯ አያልፍም። በጋቢናው ውስጥ በገዛ እጁ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ “ግራ እጅ መንዳት። ቀኝ እጅ ክንድና ባኬት። ከደነገጥክ ሁለቱንም ልቀቅ።”

ባለፈው ሳምንት ምሳ ይዤ ሳይት ሄድኩ። ልጄ የፈረሰ ግንብ ፍርስራሽ አይሱዙ ላይ ይጭናል። ባለቤቴ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራቅ ብሎ ይመለከተዋል። ድንገት ጫማውን አየሁት። ክንዱ ሲነሳ የግራ ተረከዙ አፈሩን ይጫናል፤ ባኬቱ አይሱዙው ጋ ሲደርስ የቀኝ ጣቱ ይጫናል፤ ፍርስራሹ ይወርዳል። ከእግሩ ሥር ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ ተቆፍሯል።

ሳየው አየኝ።

“ምሳ አመጣሽ?” አለኝና እግሩን ሰበሰበ።