ያልተሮጠው ማራቶን

ነሐሴ 18 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በኦሊምፒኩ የወንዶች ማራቶን ዕለት፣ የቤጂንግ ሰማይ ጥርት ብሎ ነጋ። ዓለም ሁሉ ሲፈራው የከረመው ጭስ የለም። ቻይናዎቹ ፋብሪካ ዘግተው፣ መኪናዎችን በታርጋ ቁጥር ተራ አስገብተው አየራቸውን አጽድተዋል። ፀሐዩ ግን ይፋጃል። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በዚያ ሙቀት ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ እየከነፈ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገባ፤ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ኃይሌ ገብረሥላሴ አልተሰለፈም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ከሳምንት በፊት እዚያው ከተማ በ10 ሺህ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጥቷል። ማራቶኑን ግን ገና በመጋቢት ትቶታል፤ አስም ስላለበት የከተማው አየር እንዳይጎዳው ሰግቶ። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በለንደን ማራቶን 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ደረቱን ይዞት አቋርጧል። ከዚያም በፊት የተረከዝ ጅማቱ ተቀዶ፣ አለቀለት ሲባል ነው ወደ ማራቶን የተመለሰው። ለጤናው ማሰቡን አልነቅፍም። የሚያንገበግበኝ የውሳኔው ጥድፊያ ነው። ማራቶኑ የሚሮጠው በኦሊምፒኩ መዝጊያ ቀን ነበር፤ አየሩን ሄዶ፣ ተንፍሶ አይቶ መወሰን አይቻልም ነበር?

መስከረም 18 ቀን 2001፣ በመስቀል ማግስት፣ ያው ሰው በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መካከል ላይ ያለው አንድ ወርና ጳጉሜ ብቻ ነው! ያ ሁሉ አቅም በነሐሴም እግሩ ውስጥ ነበር። ዋንጂሩን ይቀድመው ነበር ብዬ አልምልም፤ በርሊን ቀዝቃዛ ነው፣ ዋንጂሩም ያን የቤጂንግ ዕለት ሌላ ፍጥረት ነበር። ግን የእኛው ድሪባ መርጋ ሲታገለው፣ ሲዝል፣ ስታዲየም ከገባ በኋላ በወገኑ በፀጋዬ ከበደ ተቀድሞ ነሐሱን ሲያጣ ያየ ሰው፣ ከጎኑ ኃይሌ ቢኖር ሳይል አይቀርም። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ወርቅ በኋላ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ እስኪያሸንፍ ድረስ ወንዶቻችን በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ሳያገኙ 24 ዓመት አለፈ።

እኔም ይህን እያሰብኩ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን አቀበት ከጉልበት ሕመም ተመልሼ አሁን እንደገና እየወጣሁት ነው። ኃይሌ ለዓመታት ማለዳ ማለዳ የሮጠው እዚህ ተራራ ላይ፣ በዚህ ባሕር ዛፍ መካከል ነው። 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሳንባ ይፈትናል። እዚህ የጠነከረ ሳንባ በአየር ፍርሃት መቅረቱ እዚሁ ዳገት ላይ ሲታሰብ ይብሳል። እንደኔ ዓይነቱ ለራሱ የሚሮጥ ሰው ዘንድሮ ያመለጠውን ውድድር ለከርሞ ያገኘዋል። ኦሊምፒክ ግን አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ አራት ዓመት ደግሞ ለ35 ዓመት ሯጭ ዕድሜ ልክ ነው።

ኃይሌ በ2004 ዓ.ም. ሆላንድ ውስጥ ሄንጌሎ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወደ ለንደን ኦሊምፒክ የሚያደርሰውን ቦታ ፈልጎ ሮጠ። ሰባተኛ ወጣ፤ ያም በር ተዘጋ። በ10 ሺህ ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ በማራቶን ሁለት ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው፣ የኦሊምፒክ ማራቶን መነሻ መስመር ላይ አንድም ቀን ሳይቆም ቀረ።