ከፎቅ የወደቀ ሠራተኛ ካሳ የሚያጣው የት ላይ ነው?

በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ቆሞ የሚለስን ወይም ፌሮ የሚያስር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከዚህ አይነሳም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሕክምናው አለ፤ ከዚያም ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ሕጉ እዚህ ድረስ ለተጎጂው ያደላል፣ ማድላቱም ተገቢ ነው።

የቀን ሠራተኛው መብቱን የሚያጣው «እኔ አልቀጠርኩትም» በሚለው መልስ ነው። ሕንፃው የባለቤቱ፣ ግንባታው የሥራ ተቋራጩ፣ ልስኑ የሰብ ኮንትራክተሩ ነው፤ ጠዋት በር ላይ ሰው የሚመርጠው ደግሞ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካፖው ነው። እርግጥ አዋጁ የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም። በቃል የተቀጠረ ሰው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል፤ ባይሰጠውም መብቱ አይቀርም። ግን በ3ኛው ቀን የወደቀ ሰው ምን በእጁ አለ? ስሙ የሰፈረው ሰዓት ተቆጣጣሪው በሚይዘው መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ መዝገቡም ያለው ቅጥሩን በሚክደው ወገን እጅ ነው። ስለዚህ ስሙ ያለበት የዕለቱ ገጽ ቅጂ ለሠራተኛው በየቀኑ ይሰጠው፤ መዝገቡን ያላቀረበ አሠሪ ደግሞ አልቀጠርኩም የሚለውን ራሱ ያስረዳ።

«ቀበቶ ተሰጥቶት አላስርም ብሎ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። አዋጁም በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ የጣሰን ወይም ሰክሮ ሥራ የገባን ሰው ከካሳው የሚያወጣበት ሁኔታ አለ። ነገር ግን ስቶር ውስጥ የተቆለፈ ቀበቶ መመሪያ አይባልም። ማሰሪያ በሌለው አጣና ላይ ቀበቶውስ ከምን ይታሰራል? ሌላው ስጋት ትንንሽ ተቋራጮች ይከስራሉ የሚለው ነው። ስጋቱን አልንቀውም፤ በቋሚነት ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሰው የ5 ዓመት ደመወዝ መክፈል ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ለሠራተኛው መድን መግባትና ወጪውን በጨረታው ዋጋ ውስጥ ማስላት ነው፤ ለሲሚንቶና ለብረት የሚሰላ ዋጋ ለሰው አካል ሲሆን የሚዘለልበት ምክንያት የለም።

ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ እስከዚያው ብዙ ማድረግ ይችላል። የሐኪም ቤት ካርዱ ላይ «ወድቆ» ብቻ ሳይሆን የት፣ ለማን ሲሠራ እንደወደቀ ይጻፍ። አብረውት የዋሉት ሠራተኞች ወደ ሌላ ሳይት ሳይበተኑ ስልካቸው ይያዝ፤ ሂሳብ በቴሌብር ተልኮ ከሆነ መልእክቱ አይጥፋ። ሽማግሌ ሲላክም መቀበል ክፉ አይደለም፤ ሆኖም የካሳ ጥያቄ በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳልና ክሱ ሽምግልናው እስኪያልቅ መዘግየት የለበትም።