የሚነቀል ክንድ

ዋርሃመር 40,000 የሚባለውን ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1987 እዚህ እንግሊዝ አገር የወጣ፣ ርቀቱ በኢንች እየተለካ፣ ዕድሉ በዳይስ እየተወሰነ በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ ጦርነት ነው። ተዋጊዎቹ ተገጣጥመው አይሸጡም። ክንዱ፣ እግሩ፣ ራሱ፣ መሣሪያው ለየብቻ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ይመጣል፤ የገዛው ሰው ቆርጦ ያጣብቃል፣ ቀለም ይቀባል። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ከጀመረው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ።

ጣጣው የሚመጣው በሙጫው ነው። ድሬድኖት የሚባለው በሁለት እግሩ የሚሄድ ማሽን ለአንድ ትከሻ ከአንድ በላይ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። አንዱ ታንክ ከሩቅ ለመምታት፣ ሌላው በቅርብ ለመጋጠም ነው። አንዱ ከተጣበቀ የቀረው ትርፍ ሆነ ማለት ነው፤ ዕቃው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ትከሻው ላይ አንድ፣ ክንዱ ላይ አንድ ትንሽ ማግኔት ይቀበርና ክንዱ እንደ ልብስ ይቀያየራል።

እኛ ልጆች ሳለን ማግኔት ማለት ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ጥቁር ቀለበት ነበር። በክር አስረን አፈር ላይ እየጎተትን የብረት ብናኝ እንለቅምበታለን። የአሁኖቹ ሌላ ናቸው። ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የሚሠሩ፣ በ1980ዎቹ የመጡ፣ የምስር ፍሬ አክለው ጣት የሚቆነጥጡ ናቸው። ሲሸጡ ኤን 35፣ ኤን 42፣ ኤን 52 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበቱም ዋጋውም ይጨምራል። እኔ ለ52 ገንዘብ አላወጣም። ከቁጥሩ ይልቅ ውፍረቱ ይጠቅማል፤ ቦታው ከፈቀደ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው 2 ሚሊሜትሩን እመርጣለሁ። ለተራ ወታደር አንጓ ወርዱ 2 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለክንዱ 3፣ ለድሬድኖት ትከሻ 5 ይበቃል። ከባድ ክንድ ግን በአንድ ማግኔት ብቻ ከተያዘ እንደ መንኮራኩር ዞሮ ወደ መሬት ያዘነብላል። እዚያ ጋ ሁለት ትንንሽ ማግኔቶች ጎን ለጎን ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ቀዳዳው በእጅ መሰርሰሪያ፣ መጀመሪያ በቀጭን ከዚያ በወፍራም ጫፍ ይበሳል። የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሚያያይዝ ብረት አይዝለትም፤ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ማግኔቱን የምንገፋው በስቴኪኒ ነው፤ በብረት ወረንጦ ከሆነ ተጣብቆበት አብሮ ይወጣል። የጎበጠ መሣሪያ በሙቅ ውኃ የሚቃና ከሆነም ማግኔቱ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያደክመው ዋልታው ነው። አንዱ ተገልብጦ ከደረቀ ክንዱ ትከሻውን እየሸሸ ይኖራል። ልጄ የራሱን ሕግ አወጣ፦ በሁሉም አካል ላይ ወደ ውጭ የሚያየው ፊት አንድ ዓይነት ይሁን፣ በማርከር ቀይ ይቀባ። መለኪያ የሚሆነውን ማግኔት እርሳስ ጫፍ ላይ አጣብቆ አስቀምጧል። በዚህ ሕግ የማንኛውም ድሬድኖት ክንድ ለማንኛውም ድሬድኖት ይሆናል።

ማግኔት ከእግራቸው ሥርም ይገባል፤ ይህ ለእኛ ከክንዱ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ልጄ ሳምንቱን ከእናቱ ጋር፣ ቅዳሜና እሁድን ከእኔ ጋር ነው፤ ሠራዊቱም አብሮት በአውቶቡስ ይመላለሳል። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማግኔቱ ብረቱን ይዞ ያቆማቸዋል። ቆርቆሮው አሉሚኒየም ከሆነ አይይዝም፤ ሳይገዙ መሞከር ነው። የማግኔቱ ፊት ከመቆሚያው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ጉልበቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ወደ ላይ ሲጎተት አጥብቆ ቢይዝም ወደ ጎን ግን ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አራርቀን እናቆማቸዋለን።

በእናቱ ቤት የሁለት ዓመት እህት አለችው። አንዲት ማግኔት የተዋጠች እንደሆነ ብቻዋን ልታልፍ ትችላለች። ሁለት ከሆኑ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው መካከላቸው ያለውን ሥጋ ይቆነጥጣሉ፤ ይበሳል፣ ሕፃኑ ለቀዶ ሕክምና ይዳረጋል። ምልክቱ ደግሞ መጀመሪያ ተራ የሆድ ቁርጠት ሊመስል ይችላል።

እናቱ ስልክ ደወለች። «ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«የትኞቹ?»

«ቤቴ የሚገቡት።»

ቆጥረን ነገርናት። ከዚያ ወዲህ ያልተጣበቀ ማግኔት ከእኔ ቤት አይወጣም። ክንዶቹም ሳይሄዱ በፊት እያንዳንዱ ማግኔት በጥፍር ተሞክሮ፣ ከላላ ክንዱ ይቀራል። ልጄ ቁጥሩን ጽፎ ከቆርቆሮው ክዳን ውስጥ ለጥፎታል፤ እዚያ ሲደርስ እሷ ትቆጥራለች፣ እዚህ ሲመለስ እኔ። ሁለታችንም ሳንጣላ የምንፈርምበት ወረቀት ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መሰርሰሪያውንና ሙጫውን ወደዚያ ልውሰድ፣ ክፍሌን ቆልፌ እሠራለሁ ይላል። እናቱ ስለ ትንሿ ልጅ ብላ እንቢ ብላለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ የእኔ ምክንያት ግን ትንሿ ልጅ ብቻ አይደለችም። መሰርሰሪያው እዚህ ቢቀር ደስ ይለኛል።