ትንሿን ኩባንያ ማን ይውጣታል?

«ሲስኮ እያለ ይቺ የት ትደርሳለች?» ስለ አሪስታ እንዲህ ብለው የሰጉ ባለሀብቶች ነበሩ። ስዊች ሠሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 አክሲዮኗን ለሕዝብ ሸጠች፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሲስኮ በፓተንት ከሰሳት። በ2018 400 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ታረቀች። አልተዋጠችም፤ እንደ ማይክሮሶፍት ያሉ ግዙፍ ዳታ ሴንተር ያላቸው ደንበኞች ዕቃዋን ፈልገውታል። (አለቃዋ ጃይሽሪ ኡላል ራሷ የሲስኮ ሰው ነበረች፣ ይገርማል!)

አሜሪካ ሆነህ «ቲቸር፣ የአንድ ትንሽ የራውተር ኩባንያ አክሲዮን ልግዛ?» ያልከኝ ልጅ፣ የሌሊት ሽፍት ገንዘብህ ነው እኮ። «ትልቁ ይውጣታል» የሚለውን ወሬ ተወውና ዓመታዊ ሪፖርቷን አንብብ። ከገቢዋ ስንቱ ነው ከአንድ ደንበኛ የሚመጣው? አሪስታን ራሷን እስከ ዛሬ የሚያሰጋት ይሄ ነው፤ ማይክሮሶፍትና ሜታ ግዢ ቢቀንሱ ወዲያው ይሰማታል። ያንተዋ ደግሞ አሪስታን አታህልም።