መቅጣትና መግረፍ አንድ አይደሉም

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እንቁላል ሰርቆ የመጣውን ልጅ እናቱ ዝም ብትለው፣ አድጎ የበሬ ሌባ ሆነ ይባላል። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች መቅጣት ማለት መግረፍ ብቻ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጕልበተኛ ልጅ የምሳ ዳቦዬን እየነጠቀ ያስለቅሰኝ ነበር። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ እርሱም በቤቱ በትንሹም በትልቁም በቀበቶ ይገረፋል። «ጕልበት ያለው ያዛል» የሚለውን ከቤቱ ተምሮ በእኛ ላይ ሠራበት። ከጎኑ ቆሞ የሚስቀው ጓደኛው ደግሞ «አይሆንም» ተብሎ የማያውቅ ቅምጥል ነበር። እኔን ግን እናቴ ሳትቆጣ ጠይቃ እስከ መጨረሻው ስለ ሰማችኝ ሁሉን ነገርኋት። እርስዋም ለክፍላችን ኃላፊ መምህር አስታወቀች፤ የልጁም አባት ተጠርተው ተመከሩ፤ ንጥቂያውም ቀረ።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የልጅ አስተዳደግን በሦስት ከፍለውታል፤ በትእዛዝ ብቻ የሚገዛ፣ ልቅ የሆነ፣ ፍቅርንና ሥርዓትን ያጣመረ። የመረጡትም ሦስተኛውን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሆኖም ከትምህርት ቤት የወጣው ዱላ በቤት ከቀጠለ፣ ልጁ መልሶ ይዞት ይመጣል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ! በእንቁላሉ ጊዜ ቅጡን፤ ነገር ግን ቃላችንን ሰምታችሁ፣ ጥፋታችንን አስረድታችሁ፣ እንቁላሉንም በገዛ እጃችን ለባለቤቱ አስመልሳችሁ ይሁን።