ከማዱራይ ወንዝ ዳር፤ የታሚሎች በዓልና ጾም

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ደቡብ ሕንድ የመሄድ ዕድል ቢያጋጥምህና ጊዜውን የምትመርጠው አንተ ብትሆን፥ በሚያዝያ ወር ወደ ማዱራይ ሂድ። «በዚያ ሐሩር ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» የሚልህ ሰው አይታጣም። እውነት ነው፥ በዚያ ወራት የታሚሎች አገር እንደ ምጣድ የጋለ ነው። ነገር ግን የጉዞህ ዓላማ አገሬውን በደስታው ቀን ለማየት ከሆነ፥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኝም።

ቫይጋይ የሚባለው ወንዝ ማዱራይን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በሚያዝያ ብዙውን ጊዜ የሚታየው አሸዋው እንጂ ውሃው አይደለም፤ ስለዚህ ለበዓሉ ሲባል በ1959 ዓ.ም. ከተሠራው ግድብ ውሃ ይለቀቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት፥ ሊነጋጋ ሲል፥ የወንዙ ዳርና ዳር በሰው ይሞላል። ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ፥ ሽማግሌው በምርኩዙ ተደግፎ፥ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያል። በዚህ ጊዜ አላጋር የተባለው አምላክ ምስል በወርቅ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፥ በሰዎች ትከሻ ተይዞ ወደ ወንዙ ይገባል። ገበሬው አንገቱን አስግጎ የሚመለከተው አላጋር የለበሰውን ሐር ነው፤ ሐሩ አረንጓዴ ከሆነ ዝናሙ ይሰምራል፥ ዓመቱም የጥጋብ ይሆናል ይላሉና።

አላጋር ወደ ወንዙ የሚመጣበትን ምክንያት ብትጠይቅ፥ በአጠገብህ የቆመችው እናት እንዲህ ብላ ትነግርሃለች። የማዱራይ ንግሥትና አምላክ የሆነችው ሚናክሺ ሺቫን ልታገባ ሠርግ ተደግሷል። ወንድሟ አላጋር እኅቱን ሊድር ከተራራው መቅደስ ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መጣ። ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ግን ሠርጉ አለቀ ብለው ነገሩት። ተቀይሞ ወደ ከተማዪቱ ሳይገባ ተመለሰ። ታሪክ አዋቂዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምሩልሃል። የሚናክሺና የአላጋር በዓል ቀድሞ የተለያዩ ነበሩ፤ በአንድ ሰሞን እንዲውሉ ያደረገው ከ1623 እስከ 1659 ዓ.ም. የገዛው ቲሩማላይ ናያካ ነው፤ የሺቫንና የቪሽኑን አምላኪዎች በአንድ ደስታ ሊያገናኝ አስቦ ነው ይባላል።

ምናልባት የበዓሉ ቀን በምን እንደሚታወቅ ትጠይቅ ይሆናል። የእኛን አገር ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህ አይቸግረውም። እኛ ልደትን በፀሐይ፥ ፋሲካን በጨረቃ ቀመር እንደምናውል፥ ታሚሎችም ሁለቱን ያጣምራሉ። ወሮቻቸው 12 ሲሆኑ የሚቈጠሩት በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ከአንዱ የኮከብ ቤት ወደ ሌላው ስትገባ አዲስ ወር ይጀመራል። ፀሐይ በየቤቱ የምትቆይበት ጊዜ እኩል ስላይደለ፥ ወሩ አንዳንዴ 29፥ አንዳንዴም 32 ቀን ይሆናል። የዓመቱ መጀመሪያ ቺቲራይ የተባለው ወር ነው፤ እርሱም ሚያዝያ 6 ቀን ገደማ ይብታል። በዓሉ የሚውልበትን ቀን የምትወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨረቃ ናት። ወሩን ፀሐይ ሰጠች፤ ቀኑን ጨረቃ ለየች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚናገር ፓንቻንጋም የሚባል መጽሐፍ በየቤቱ አለ። ትርጓሜው «አምስት ክፍል» ነው፤ የሳምንቱን ቀን፥ የጨረቃዋን ዕለት፥ ጨረቃ ያደረችበትን ኮከብና ሌሎች ሁለት ስሌቶችን ይይዛልና። ሠርግ የሚደግስም፥ ቤት የሚሠራም ይህን ሳይገልጥ አይጀምርም። ዓመቶቹም ስም አላቸው፤ ስሞቹ 60 ናቸው፥ ካለቁም በኋላ እንደገና ይጀመራሉ። ስለዚህ 60 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደበት ዓመት ስም ተመልሶለታልና፥ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ፊት ሚስቱን እንደ አዲስ ያገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ጾሙ እንምጣ። አንተ ጾም ሲባል የምታውቀው ሕዝቡ በአንድነት የሚጀምረውንና በአንድነት የሚፈታውን ነው። በታሚሎች ዘንድ ግን ጾሙ እንደ ሰውየው ስለት ነው። የቪሽኑ ወዳጅ ጨረቃ በተወለደች በ11ኛው ቀንና ከሙላቷ በኋላ በ11ኛው ቀን ይጾማል። የሺቫ ወዳጅ በ13ኛው ቀን እስከ ምሽት ይቆያል። የሙሩጋን ወዳጅ ደግሞ 6ኛውን ቀን ያከብራል። አንዱ ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ሌላው ሩዝ ብቻ ይተዋል፤ ሌላው በቀን አንድ ጊዜ ይበላል። የሚያስገርምህ ነገር፥ እኛ በጾም የምንተወው ወተት በእነርሱ ዘንድ የጾመኛ ምግብ መሆኑ ነው። ጨረቃ በምትጠፋበት ቀን አባቶቻቸውን ያስባሉ፤ ያን ቀን ቤተ ሰቡ ከመብላቱ በፊት ለቍራ ሩዝ ይቀርብለታል።

በሐምሌ 10 ገደማ የሚገባው ኣዲ የተባለው ወር ሠርግ የማይደረግበት ነው። አዲስ ሙሽራም በዚህ ወር ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ በኣዲ የተፀነሰ ልጅ በቺቲራይ ሐሩር እንዳይወለድ ነው ይላሉ። በዚሁ ወር በእናት አምላክ መቅደሶች ደጅ በትልልቅ ድስት ገንፎ መሰል ቀጭን ምግብ እየተቀዳ ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ምን እንደ ሆነ ብትቀምሰው ታውቀዋለህ፤ የዳጉሳ ነው! ዳጉሳ ደግሞ የእህል ታሪክ መርማሪዎች እንደሚሉት፥ ከእኛ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ሕንድ የገባ እህል ነው።

አንተ የቢሮ ሰው ከሆንህ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ የሚውለው የመሣሪያ በዓል ይማርክሃል። ሴቶች በየቤቱ አሻንጉሊት በደረጃ ደርድረው ዘጠኝ ሌሊት ካከበሩ በኋላ፥ በመጨረሻው ቀን ሰው ሁሉ እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ አጥቦ ያከብራል። አናጢው መጋዙን፥ ሾፌሩ አውቶቡሱን፥ ጸሓፊው መዝገቡንና ማሽኑን በሰንደልና በአበባ ያስጌጣል። ተማሪውም መጽሐፉን አስቀምጦ ያን ቀን አያነብም፤ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ በዓል ከየት ይገኛል? በማግሥቱ ትንንሾቹ ልጆች የመጀመሪያውን ፊደል በሩዝ ላይ ይጽፋሉ።

ጥር 6 ወይም 7 ቀን የሚውለው ፖንጋል ደግሞ የገበሬው በዓል ነው። አዲሱን ሩዝ በወተትና በጥቁር ስኳር በደጅ ይቀቅሉታል፤ ማሰሮው ገንፍሎ ሲፈስ ቤተ ሰቡ ሁሉ በእልልታ ይጮኻል፥ ጸጋው ተትረፈረፈ ማለት ነውና። በማግሥቱ የበሬው ቀን ነው፤ ቀንዱ ቀለም ይቀባል፥ አንገቱም ላይ አበባ ይታሰራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የዘመን መቍጠሪያ የካህናትና የኮከብ ቈጣሪዎች ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታይህ። በ2008 ዓ.ም. የታሚል ናዱ መንግሥት «አዲሱ ዓመት የሚገባው በፖንጋል ቀን ነው» ሲል ሕግ አወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው መንግሥት ሕጉን ሽሮ ወደ ሚያዝያው መለሰው። የዓመቱ መጀመሪያ መቼ ነው ብሎ መከራከር፥ እኛ ማን ነን ብሎ መከራከር ስለ ሆነ ነው።

ከዚህም የከበደ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም በዓሉ የማን ነው የሚለው ነው። በወንዙ ዳር ከቆሙት መካከል ብዙዎቹ፥ በትውልዳቸው ምክንያት «ርኩስ» ተብለው ወደ ሚናክሺ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ጾመው፥ ስለታቸውን ይዘው፥ ደጃፉን ማለፍ አይችሉም ነበር፤ አምላካቸውን ለማየት ምስሉ ወደ አደባባይ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃሉ። ማኅተመ ጋንዲም እነዚህ ሰዎች በማይገቡበት መቅደስ እኔም አልገባም ብለው ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ቫይድያናታ አየር የተባሉ ጠበቃ፥ ራሳቸው ከብራህማን ወገን ሳሉ፥ ከተከለከሉት ጥቂት ሰዎችን አስከትለው ወደ መቅደሱ ገቡ። ታላቅ ሁከት ሆነ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት የገቡትን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፥ በሩም ተከፈተ። ጋንዲ በ1946 ዓ.ም. መጥተው በዚያ በር ገቡ። በአንዳንድ መንደር በዚህ ነገር እስካሁን ጠብ ይነሣል፤ የማዱራይ በር ግን ከዚያ ወዲህ አልተዘጋባቸውም።

ስለዚህ በዚያች ንጋት በቫይጋይ ዳር ስትቆም፥ ዓይንህን ከወርቁ ፈረስ ላይ ጥቂት መልሰህ በአጠገብህ ያለውን ሰው ተመልከት። አያቱ ከደጅ ቆሞ የሰገደ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ግን ልጁን በትከሻው አዝሎ ትናንት የሠርጉን መቅደስ አይቶ መጥቷል። ሐሩም አረንጓዴ ቢሆንለት፥ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አይፈልግም።