ገጠመ ማለት ልክ ሆነ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ መሳቢያዬን ሲጎረጉር አንዲት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አገኘ። “አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ። የተበጠሰ ቀለህ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ ልንገራችሁ።

አባቴ ያሳደገን መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በቶርኖ ሥራ ነው። ሰው ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ “ገጥሟል እኮ!” ሲለው፣ “ገጠመ ማለት ልክ ሆነ ማለት አይደለም” ይል ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የእናቴ ታላቅ ወንድም ለልጁ ሠርግ ዕቃ ሊገዛ ከመንዝ መጣ። የአያቴን ምንሽርም በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ የወለቀውን የማንገቻ ቀለበት አባቴ እንዲሠራለት ነው። ጥር ላይ በሠርጉ የሚተኩሰው ታላቅ ወንድሜ እንዲሆንም ወስኗል። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነበር፤ ደስታው እንቅልፍ ነሳው።

አባቴ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጦ መቀርቀሪያውን አወጣና ወደ ብርሃን አስጠጋው። እዚያ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ይለያል። “ጋሼ፣ ይሄ የሌላ ጠመንጃ ነው” አለ። አጎቴ አልካደም፤ የድሮው ሲሰበርበት መሰሉን ገበያ አግኝቶ ተክቶታል።

ይህ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ጠመንጃዎቻችን ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፤ ውጅግራ እንኳን ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ የ“ግራ” ጠመንጃ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የአንዱ ዕቃ በሌላው ላይ ይገባል።

አባቴ ያስረዳን እንዲህ ነው። ጥይት ጎሬው ውስጥ ሲገባ ከኋላው መቀርቀሪያው ይደግፈዋል። በመካከላቸው ትርፍ ክፍተት ካለ፣ ባሩዱ ሲነድ ነሐሱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ይህን የሚያመጣው ልዩነት ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። ጠመንጃ ሠሪዎች በጥይት አምሳል የተሠሩ የብረት መለኪያዎች አሏቸው፤ መቀርቀሪያው በአንደኛው ላይ መዘጋት፣ በሌላው ላይ ግን አለመዘጋት አለበት። አባቴ እነዚያ አልነበሩትም።

“የተተኮሰ ቀለህ ይዘዋል?” ሲል ጠየቀ። አጎቴ ከዝናሩ አንድ አወጣ። አባቴ ከቀለሁ መቀመጫ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር አሳየን። ከዚያ ጫፉን ያጠፈውን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሳበው፤ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ለእኔም አሞከረኝ። “ውስጡ ተቦርቡሯል። ሌላው ሊበጠስ ይችላል” አለ።

አጎቴ ተቆጣ። “ጣሊያንን የተዋጋውን የአባቴን ጠመንጃ በሽቦ ታዋርዳለህ?”

አባቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም። “ጋሼ፣ አባትዎ የተኮሱት በዚህ መቀርቀሪያ አይደለም። ልጄ አይተኩስበትም።”

ወንድሜ አኮረፈ። እናቴ ያፈላችው ቡና ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። አጎቴ ጠመንጃውን ጠቅልሎ ምሳ ሳይቀምስ ሄደ። ወደ ሠርጉ የሄደችው እናቴ ብቻ ነበረች። ስትመለስ አንድም ጥይት እንዳልተተኮሰ ነገረችን፤ ለምን እንደሆነ ግን አልሰማችም።

ለፋሲካ አጎቴ ራሱ መጣ። ከሠርጉ በፊት ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስሮ፣ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ሆኖ ምላጩን በገመድ ስቦት ኖሯል። በሁለተኛው ተኩስ ጭሱ በኋላ ወጣ፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ከቀለሁ የወጣው የኋላው ብቻ ነው፤ የፊቱ ጎሬው ውስጥ ቀረ። ቁራጩን አባቴ መዳፍ ላይ አስቀምጦ፣ “የልጅህ ዓይን ይኸውልህ” አለው።

ዛሬ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ ከአያት የወረሰውን በሚያውቅ ባለሙያ ሳያስፈትሽ ለልጁ “ተኩስ” አይበል። የአባት ዕቃ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

የልጅ ልጄ ቁራጩን እያገላበጠ፣ “አጎትህ ታዲያ አባትህን ይቅርታ ጠየቀው?” አለኝ።

“አልጠየቀውም” አልኩት። “ይህችን ነው ያመጣለት።”